ሆድ ይፍጀው ማንን በጀው?

በአገራችን ከመልካም ምክር ተቆጥሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነው። ሰው የደረሰበትን በደል ወይም ያገኘውን ኀዘን ለማንም ሳይናገር በሆዱ ቀብሮ ሲኖር፥ ጨዋ ነው፥ ታጋሽ ነው፥ ወንድ ነው ተብሎ ይመሰገናል። በሰላም ጊዜና በትንሽ ነገር ይህ ምስጋና ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጣላ የሚያደርግበት ጊዜ እንዳለም አልክድም። በጦርነት ጊዜ ግን፥ ያውም ከወላጆቹ ርቆ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ለሚኖር የሃያ ዓመት ልጅ፥ ይህን ቃል እንደ መድኃኒት ማቅረብ መርዝን በማር ለውሶ ማጉረስ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ከዚሁ ምክርና ከመካሪዎቹ ጋር ለመከራከር ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ. ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት፥ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነድ፥ ዩኒቨርሲቲዎች ከእሳቱ ዳር አልነበሩም፤ መካከሉ ውስጥ ነበሩ። በመቀሌ፥ በአዲግራት፥ በአክሱምና በራያ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ የሌላ ክልል ልጆች በ2013 ክረምት መንገዱ ተዘግቶ፥ ስልኩም ተቋርጦ፥ ወላጆቻቸው በአዲስ አበባ ደጅ ሲጠኑ ከረሙ፤ በኋላም በአፋር በኩል ወጡ። የትግራይ ተወላጅ የሆኑት ጓደኞቻቸው ግን የሚወጡበት መንገድ አልነበራቸውም፤ የብዙዎቹ ትምህርት ተቋርጦ፥ ባንክና መብራት ስልክም በሌለበት ቀን ሲቆጥሩ ኖሩ። ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዞር የወልዲያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፤ ብዙ ንብረታቸውም ወደመ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሣ፥ ተማሪው ዩኒቨርሲቲው የሚጠራበትን ቀን ሲጠብቅ ወራት አለፈበት። በሰኔ 2016 ዓ. ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በገርባ ጉራቻ አጠገብ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተማረ ልጅ፥ የየትኛውም ወገን ልጅ ቢሆን፥ ደብተሩን የያዘው በአንድ እጁ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ዓ. ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው ግምት፥ ጦርነት ባየ አገር ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ከቀላል ጭንቀት ጀምሮ እስከ ከባድ ሕመም ድረስ የሚደርስ የአእምሮ ችግር አለበት። ይህን ሂሳብ ወደ ተማሪ ማደሪያ ብታወርዱት፥ ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ቢያንስ አንዱ አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ ታሟል ማለት ነው። ምናልባት ከሁሉ የሚስቀው ያ ልጅ ይሆናል።

ይህን ስናገር ዘወትር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «አባቶቻችን አምስት ዓመት ከጣልያን ጋር ሲዋጉ የአእምሮ ሐኪም ነበራቸውን?» ይሉኛል። እውነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። አባቶቻችን ሐኪሙ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ኀዘናቸውን ሆዳቸው ብቻውን አልፈጀውም። ሰው ሲሞትባቸው ሙሾ አውርደው፥ ደረት መትተው፥ አስለቃሽ ጠርተው አለቀሱ። ሟቹ በዘመቻ ርቆ የቀረ እንደ ሆነ ልብሱንና ጋሻውን አውጥተው፥ ፈረሱን በለቅሶው መካከል እየሳቡ፥ ሬሳው የሌለውን ሰው በአደባባይ ቀበሩት። ሰልስቱ፥ ሰባቱ፥ አርባው፥ ሙት ዓመቱ ሁሉ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ሙስሊሙም ወገን በዱዓና በጎረቤት ስብሰባ ኀዘንተኛውን ብቻውን አልተወውም። ጀግናው ደግሞ ያየውንና የሠራውን በፉከራና በቀረርቶ አወጣው፤ ሕዝቡም ሰማለት።

መርዶ እንኳ ሥርዓት ነበረው። ሞቱን አስቀድመው የሰሙ ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ሟቹ ለማን ምን እንደሚሆን ያጣራሉ፤ ባለ መርዶው ማታውን እህል መቅመሱን ያረጋግጣሉ፤ ሊይዙትና ሊደግፉት የሚችሉትን ዘመዶች ያስከትላሉ፤ ከዚያም ገና ሳይነጋ ደጁን ያንኳኳሉ። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው የሥነ ልቦና መጽሐፍ አላነበበም፤ የሰውን ልብ ግን ያውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ልጅ ተመልከቱ። የወንድሙን ሞት የሚሰማው እኩለ ሌሊት ላይ፥ ሌሎቹ ተኝተው ሳሉ፥ በመዳፉ ከያዘው ስልክ ነው። አንድ የማያውቀው ሰው የሬሳ ፎቶግራፍ አውጥቶ ከሥሩ የስድብ ቃል ጽፎበታል፤ ከሬሳዎቹ መካከል አንዱን በሹራቡ ይለየዋል። ወይም መስመሩ በተቋረጠበት ዘመን እንደ ሆነው፥ እናቱ ከሞተች ከብዙ ወራት በኋላ መስማቱ ነው። ወይም ቤተ ሰቡ «ፈተናውን እስኪጨርስ» ብለው ደብቀውበት፥ አገር ሁሉ ሲያውቅ እርሱ ብቻ እየሳቀ ይኖራል፤ የነገሩትም ቀን ከሞቱ ይልቅ መታለሉ ያቃጥለዋል። ካወቀ በኋላም ድንኳን የለ፥ የዕድር ወንበር የለ፥ ሰልስት የለ። በማግሥቱ በሁለት ሰዓት ክፍል ገብቶ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል። የአባቶችን ጥንካሬ የሚጠቅስልን ሰው የአባቶችን ለቅሶ አስቀርቶ ዝምታቸውን ብቻ የሚያወርሰን ከሆነ፥ ውርሱን አጉድሎ አከፋፍሎናል።

ሐፍረትን በመድኃኒትነት የሞከሩት የእኛ መካሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ሌላውም ዓለም ሞክሮ አይቶታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፥ በመድፍ ድምፅ ብዛት እየተንቀጠቀጡ አንደበታቸው የተያዘ ወታደሮች በየሆስፒታሉ ሞሉ። የብሪታንያ ጦር ከፊሎቹን አከማቸው፤ በሌላ በኩል ግን በመክዳት፥ በፈሪነትና ይህን በመሰለ ጥፋት የፈረደባቸውን 306 ሰዎች በጥይት አስደበደበ። ከእነዚህም ውስጥ አእምሯቸው የታወከ እንደ ነበረ የታመነው በኋላ ነው፤ መንግሥቱ ምሕረት ያደረገላቸው በ2006 ዓ. ም. (በእነርሱ አቆጣጠር)፥ ልጆቻቸው እንኳ ካረጁ በኋላ ነበር። በዚያው ጦርነት ሪቨርስ የተባለ ሐኪም በስኮትላንድ በኤድንበርግ አጠገብ በነበረው በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል መኮንኖችን ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ። «አታስበው፥ ርሳው» እየተባሉ ቀን ቀን ትዝታቸውን በግድ የሚገፉ ሰዎች፥ የገፉት ነገር በሌሊት ቅዠት ሆኖ ይመለስባቸው ነበር። ስለዚህ ከሚያምኑት ሰው ጋር ቀስ ብለው እንዲናገሩት አደረገ። በግድ ማስታወክን ግን አልመከረም፤ እኔም አልመክርም። ሊናገር ያልፈለገን ኀዘንተኛ «ያየኸውን ሁሉ ዘርዝርልኝ» እያሉ ማስጨነቅ ሌላ ዓይነት ጭካኔ ነው። በሩ ክፍት ይሁንለት፤ የሚገባው እርሱ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከፊተኛው ይልቅ ያሳፍራል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ዝም ያሰኛል። «ሰው በምሽግ ውስጥ እየሞተ አንተ ስለ እንቅልፍህና ስለ ቁርስህ ታወራለህን?» የሚለው ነው። ለመሆኑ አንድ ተማሪ ሌሊቱን ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ በማደሩ በምሽግ ላለው ሰው ምን ተጨመረለት? ሲርበው ባለመብላቱ የተራበው ጠገበን? ይህ ነገር ርኅራኄ ሳይሆን የርኅራኄ መልክ ብቻ ነው። እንቅልፍ በቀን የተማሩት ነገር በአእምሮ ውስጥ ሥር የሚሰድበት ጊዜ መሆኑን የሚያጠኑት ሊቃውንት ደጋግመው አሳይተዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቁጡና ፈሪ እንደሚሆን፥ ትንሹም ነገር ተራራ እንደሚሆንበት ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በዕድሜያችሁ ላለ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይገባዋል። ነገ የፈረሰውን ጤና ጣቢያ የሚሠራው፥ የቆሰለውን የሚያክመው፥ ወላጅ ያጣውን ሕፃን የሚያስተምረው ዛሬ ላይብረሪ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ከሆነ፥ የእርሱ እንቅልፍ ቅንጦት ሊባል አይገባም።

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ ለዝምታው ማካካሻ ሆኖ የገባው እርሱ ነውና። ለሰው ያልተናገረ ልጅ ሌሊቱን ከወሬ ጋር ያድራል። አንዱን ይከፍታል፥ ሌላውን ይከፍታል፤ ከተማዋ ተያዘች ይላል አንዱ፥ ተለቀቀች ይላል ሁለተኛው፥ ሦስተኛው በሌላ አገር ጦርነት የተነሣ ፎቶግራፍ የአገሩ አስመስሎ ያመጣለታል። ወሬውን በመከታተሉ ቤተ ሰቡን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ ዓይኑን ከከደነ አንድ ነገር ይደርስባቸዋል ብሎ ይሰጋል። «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» የሚለውን ተረት ቀድሞ የተናገሩት ሰዎች ፌስቡክንና ቴሌግራምን አላዩም፤ ቢያዩ ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ። ወሬ የሚፈታውም ጦርን ብቻ አይደለም፤ ማደሪያ ቤትን ይፈታል። ከሰሜኑ ጦርነት አስቀድሞ በ2012 ዓ. ም. መግቢያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሲሞቱ፥ ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ሰደድ እሳት መዛመቱን ታስታውሳላችሁ። በአንድ ክፍል አብረው ሽሮ የበሉ ልጆች በማግሥቱ የተፈራሩት ከስልክ የመጣ ወሬ በመካከላቸው ስለ ተኛ ነው።

ወሬ ጨርሶ አትስሙ አልልም፤ እናቱ በጦርነት አገር ያለችበትን ልጅ እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው ልብ የለውም። ነገር ግን ሰዓት ቁረጡለት። አንድ ጊዜ ረፋድ ላይ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ከእራት በፊት፥ በብርሃንና ከጓደኛ ጋር ይሁን። ሌሊት ስልኩ ከአልጋ ይራቅ። ለቤተ ሰብም ንገሯቸው፤ ክፉ ነገር የደረሰ እንደ ሆነ በቀጥታ ለእኔ አትደውሉ፥ ለእገሌ ደውሉ ብላችሁ ከጓደኞቻችሁ አስተዋይ የሆነውን ምረጡ። ያን ጊዜ የአባቶች መርዶ በማደሪያ ቤትም ይቻላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የዝምታ ማካካሻ ጫት ነው። ስለ ጫት ስጽፍ የሰባኪ ድምፅ እንዳላሰማ እጠነቀቃለሁ፤ የሚቅመውን ልጅ ዱርዬ እያሉ መስደብ ማንንም ከቃሚነት አላወጣም። ግን ሥራውን እወቁት። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፤ ነርቭን በማነቃቃት ከአምፌታሚን ጋር ይዛመዳል፥ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳልና ጫት በችኮላ የሚነግዱት ስለዚህ ነው። ለጥቂት ሰዓት አእምሮ ይፈካል፥ ምላስ ይፈታል፥ ኀዘን የራቀ ይመስላል፤ ተማሪዎች ምርቃና የሚሉት ይህ ነው። ኋላ ግን ሒሳቡ ይመጣል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፥ ምግብ ይዘጋል፥ ድብርት ይወርዳል። ድብርቱን ለመስበር መጠጥ ይፈለጋል፤ የመጠጡን ራስ ምታት ለማስወገድ ደግሞ ነገ ሌላ እሥር። በመጀመሪያ ቀን የመጣው ያ ልጅ የፈለገው ደስታ አልነበረም፤ የፈለገው አብሮት የሚቀመጥና የሚያወራ ሰው ነበር። ጫት ቤቱ ሰው ሰጠው፤ እኛ ምክር ብቻ ሰጠነው። የሸነፈንም በዚህ ነው።

ቡናንም ልንካው፤ በዚህ አገር ቡናን የነቀፈ ሰው የት እንደሚደርስ ባላውቅም። ከጠጣችሁት ቡና ኃይል ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት በኋላም በደማችሁ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ለፈተና ጥናት ብላችሁ ማታ የጠጣችሁት እኩለ ሌሊት ላይ ጥያቄ ይዞባችሁ ይመጣል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ጠጡት፥ ቤቱም ይሽተት።

የቀረው ልማድ ሁሉ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ይናቃል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፥ ሌሊቱ ክፉ ቢሆንም እንኳ። ምግብ ባያሰኝ ቁርስን አለመዝለል። በቀን ግማሽ ሰዓት፥ በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ፤ ይህም በጤና ድርጅቱ ምክር ለሳምንት በቂ ነው፥ ለእርሱም ኳስ ሜዳ ዙሪያው ይበቃል። ልብ ሲመታና እጅ ሲንቀጠቀጥ አየር በዝግታ ስቦ ከሳቡት ይልቅ ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ጸሎት ያለው ሰው ጸሎቱን በሰዓቱ ማድረግ። እነዚህ ነገሮች ጦርነትን አያቆሙም፥ የሞተውንም አያስነሡም። ጦርነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘርፈው ግን የቀንን ሥርዓት ነው፤ ነገ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ቢያንስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሲያውቅ እግሩ መሬት ይነካል።

ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ አለ። ከባድ ነገር ያየ ሰው ለጥቂት ሳምንት ቢባንን፥ ቢያለቅስ፥ በር ሲላተም ቢደነግጥ በሽታ አይደለም፤ ብዙው ሰው ደኅንነት፥ እንቅልፍና የሚያቀርበው ወዳጅ ሲያገኝ እያደር ይድናል። ነገር ግን ድብርቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ፋታ ከቆየ፥ ያየው ነገር እንደገና የሚፈጸም እየመሰለው ከወር በላይ ካስጨነቀው፥ ወይም «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ማለት ከጀመረ ሐኪም ይይ። ይህን የመጨረሻውን ቃል ከጓደኛችሁ የሰማችሁ እንደ ሆነ አትሸሹት። «ራስህን ለመግደል አስበሃልን?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አያስገባም፥ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል እንጂ። ከዚያም ብቻውን አትተዉት፤ እስከ ሐኪሙ በር አድርሱት። በጦርነቱ የተደፈረች ሴት ተማሪ ደግሞ ዝም በይ የሚላት አንደበት ከሁሉ የበዛ ነው፤ ቤተ ሰብ ለክብሩ፥ ሰፈር ለሐሜቱ። ለእርሷ «ሆድ ይፍጀው» ማለት የደፈራትን ሰው ማገዝ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

«ወደ አእምሮ ሐኪም ከሄድሁ እብድ እባላለሁ» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሩ ሁሉ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለ ነበር፥ ስሙ ራሱ መሳደቢያ ሆነ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ. ም. ነው። ዛሬ ግን ይህን ሕክምና የተማሩ ሐኪሞችና ነርሶች በየክልሉ ሆስፒታል ይገኛሉ። ጸበሉም ዱዓውም አይቅር፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን በእርሱ ምክንያት አይቋረጥ። ስለ በሽታ መደበቅ የምንተርተውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለወባ የሚሠራው ለዚህ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

እስካሁን የተናገርሁት ለተማሪው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ከዚህ ክርክር ማምለጥ የለባቸውም። ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ መምጣቱን አልቃወምም። ሁለት ሦስት ዓመት በጦርነት የባከነበትን ልጅና ምንም ያልነካውን ልጅ በአንድ ቀን አስቀምጦ በአንድ ሚዛን ሲመዝን ግን፥ ቢያንስ ከፈተናው በፊት ስለ ሰውየው የጠየቀ አለን? ኀዘን የደረሰበት ተማሪ ትምህርቱን ለአንድ መንፈቅ ለማቋረጥ ሲፈልግ ከቢሮ ወደ ቢሮ እየተመላለሰ ቁስሉን ለአምስት ጸሐፊ እንዲያሳይ ማድረግ ምን ይባላል? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላመጣሁም። በተማሪዎች ክሊኒክ ውስጥ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልና በውስጡ የምታዳምጥ አንዲት የሠለጠነች ነርስ ብትኖር፥ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ በማደሪያው ጸጥታ ቢጠበቅ ምን ይጎድላል? መምህሩም፥ አንድ ተማሪ ሦስት ቀን ሲቀር በስሙ ትይዩ ምልክት አድርጎ ከማለፍ ይልቅ፥ አብሮት የሚያድረውን ልጅ ከክፍል ሲወጣ ጠርቶ «እገሌ ምን ሆኖ ነው? በል ዛሬውኑ አይተኸው ነገ ንገረኝ» ቢለው፥ ከትምህርቱ ሰዓት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይወስድበትም።